የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕመሞች የራዲዮሎጂ ምርመራ

የአጥንትና የመገጣጠሚያ ራዲዮሎጂ አጥንትን፣ መገጣጠሚያን፣ ጅማትንና ጡንቻን ሰውነት ሳይከፈት በምስል በማየት ሕመማቸውን የሚለይ የሕክምና ዘርፍ ነው። በዘርፉ ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች በዕድሜም በአገልግሎት ስፋትም ቀዳሚው በኢትዮጵያ ራጅ ተብሎ የሚጠራው የኤክስሬይ ምርመራ ነው። ከእርሱ ሌላ ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ፣ አልትራሳውንድ፣ የአጥንት እፍጋት መለኪያ እና የኑክሌር ሕክምና ምርመራ ይገኛሉ።

እነዚህ መሣሪያዎች አንዱ የሌላው የተሻሻለ ዓይነት ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው የተለያየ ነገር የሚያሳዩ ናቸው። ራጅ የሚያሳየው በአብዛኛው የአጥንቱን ማዕድን ጥላ ነው። ኤምአርአይ መቅኔን፣ ልም አጥንትንና ጅማትን፣ አልትራሳውንድ ደግሞ ፈሳሽንና ከቆዳ ሥር ያሉ ለስላሳ ክፍሎችን ያሳያል። ስለዚህ የራጅ ውጤት «ምንም የለም» ማለቱ ሁልጊዜ ሕመም የለም ማለት አይደለም። በሌላ በኩል በምስል ላይ የታየ ለውጥ ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ማለትም አይቻልም። ምርመራው ትርጉም የሚኖረው ሐኪሙ በሽተኛውን ጠይቆና ዳስሶ ካነሣው ጥያቄ ጋር ሲገናኝ ነው።

ታሪክ

ኤክስሬይን ያገኘው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በቩርትስቡርግ ከተማ በኤሌክትሪክ ቱቦ ሙከራ ሲያደርግ ወፍራም ወረቀት አልፎ የሚሄድ የማይታይ ጨረር መኖሩን አስተዋለ። የጨረሩ ምንነት ገና ስላልታወቀ በሒሳብ ያልታወቀ ቁጥር በሚወከልበት ኤክስ በተባለው ፊደል ሰየመው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 22 ቀን የባለቤቱን እጅ አነሣ፤ በምስሉ ላይ የጣቶቿ አጥንቶችና ቀለበቷ በግልጽ ታዩ። ሮንትገን ለዚህ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ግኝቱ በይፋ ከታወቀ በኋላ ሐኪሞች በሳምንታት ውስጥ ስብራትና ጥይት ለመፈለግ ይጠቀሙበት ጀመር። በጦር ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው ከኢትዮጵያ ጋር በተያያዘ ነው። የዓድዋ ጦርነት በተካሄደበት በ1896 እ.ኤ.አ. ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ኢጣሊያዊ የጦር ሐኪም፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል በኤክስሬይ አንሥቶ በክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት ያለበትን ቦታ ለይቷል።

ሲቲ ስካንን የሠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሀውንስፊልድ ነው። የመጀመሪያው ታካሚ በዚህ መሣሪያ የተመረመረው እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ነበር። ሀውንስፊልድ ከአለን ኮርማክ ጋር የ1979ን የሕክምና ኖቤል ተጋርቷል። ኤምአርአይን ለሕክምና ያበቁት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሽልማት አግኝተዋል።

የምርመራ ዓይነቶች

ራጅ

የኤክስሬይ ጨረር በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ የተለያዩ ክፍሎች በተለያየ መጠን ያስቀሩታል። አየር ብዙ ስለሚያሳልፍ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ስብ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ጡንቻና ፈሳሽ ፈካ ያለ ግራጫ፣ ካልሲየም የበዛበት አጥንት ነጭ፣ ብረት ደግሞ ከሁሉም የነጣ ይሆናል። ጡንቻ፣ ጅማትና ልም አጥንት ጨረሩን የሚያስቀሩበት መጠን ተቀራራቢ ስለሆነ በራጅ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። በሁለት አጥንቶች መካከል ባዶ መስሎ የሚታየው ክፍተት በእውነቱ ባዶ ሳይሆን በልም አጥንት የተሞላ ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ልም አጥንቱ መሳሳቱ የሚታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ራጅ ርካሽ፣ ፈጣንና በብዙ ቦታ የሚገኝ በመሆኑ ለአብዛኛው የአጥንት ችግር የመጀመሪያው ምርመራ ነው። ዋናው ድክመቱ ጥልቀት ያለውን አካል በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ላይ ስለሚያነባብር አንዱ አጥንት ሌላውን መሸፈኑ ነው። ሌላው ድክመት የአጥንት መሳሳትን የሚያሳየው ዘግይቶ መሆኑ ነው፤ ከማዕድኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህሉ እስኪጠፋ ድረስ ለውጡ በዓይን ላይታይ ይችላል።

ሲቲ ስካን

ሲቲ ስካንም በኤክስሬይ ይሠራል፤ ነገር ግን የጨረሩ ምንጭ በታካሚው ዙሪያ እየተሽከረከረ ከብዙ አቅጣጫ ይለካል። ኮምፒውተሩ ልኬቶቹን አሰባስቦ ሰውነቱን እንደ ዳቦ በስስ ቁራጭ እየከፋፈለ ያሳያል። እያንዳንዱ ነጥብ በሀውንስፊልድ መለኪያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ውሃ 0፣ ጠጣር አጥንት ወደ 1000 እና ከዚያ በላይ ነው። ሲቲ ስካን ለአከርካሪ፣ ለዳሌና ለፊት አጥንት ስብራት እንዲሁም መገጣጠሚያ ውስጥ ለገባ ስብራት ተመራጭ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ስብርባሪው ስንት እንደሆነና ወዴት እንደተንሸራተተ ከቀዶ ጥገናው በፊት በሦስት አቅጣጫ ማየት ይችላል።

ኤምአርአይ

ኤምአርአይ ጨረር አይጠቀምም። ብዙ ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ኃይል ባለው ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት በሰውነት ውስጥ ባለ ውሃና ስብ ውስጥ የሚገኘውን ሃይድሮጂን ምልክት እንዲሰጥ ያደርጋል። መቅኔ፣ ልም አጥንት፣ የጉልበት ጅማቶችና ሜኒስከስ፣ የአከርካሪ ዲስክና ኅብለ ሠረሠር በደንብ የሚታዩት በዚህ መሣሪያ ነው። አጥንቱ ቅርጹን ሳይለውጥ መቅኔው ውስጥ ውሃ መቋጠሩን ስለሚያሳይ ብዙ ሕመሞችን ከራጅ ቀድሞ ይይዛል። ምርመራው ግን ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ20 ደቂቃ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መተኛትንም ይጠይቃል። በኢትዮጵያ መሣሪያው በአብዛኛው የሚገኘው በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነው።

አልትራሳውንድ

አልትራሳውንድ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን በመቀበል ምስል ይሠራል። ድምፁ አጥንትን ዘልቆ ስለማያልፍ የአጥንት ውስጥ አይታይበትም። በመገጣጠሚያ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽን፣ የተበጠሰ የትከሻ ወይም የቋንጃ ጅማትንና ከቆዳ ሥር ያለ መግልን ግን በቀላሉ ያሳያል። ታካሚው እጁን ወይም እግሩን እያንቀሳቀሰ መመርመር መቻሉ፣ መርፌ ወደ መገጣጠሚያ ሲገባ መንገዱን ማሳየቱና ጨረር የሌለው መሆኑ ጥቅሞቹ ናቸው።

የአዲስ ሕፃን የዳሌ ውልቃት የሚመረመረውም በዚህ መሣሪያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሕፃኑ የጭን አጥንት ራስ ገና ልም አጥንት ስለሆነ በራጅ አይታይም። ኦስትሪያዊው ሐኪም ራይንሃርድ ግራፍ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተዋወቀው የልኬት ዘዴ ዛሬም ያገለግላል። ሕፃኑ ከአራት እስከ ስድስት ወር ሲሞላው አጥንቱ መጠንከር ስለሚጀምር ራጅ ይተካዋል።

የኑክሌር ሕክምና ምርመራ

በዚህ ምርመራ ቴክኒሽየም-99ኤም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አጥንትን ከሚፈልግ ውሕድ ጋር ተቀላቅሎ በደም ሥር ይሰጣል። አጥንት በብዛት እየተሠራ ባለበት ቦታ ስለሚከማች ካንሰር የተሠራጨበት ወይም የተሰበረ ቦታ ደምቆ ይታያል። የንጥረ ነገሩ ጨረር በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ምርመራው መላውን አጥንት በአንድ ጊዜ ማሳየቱ ጠቃሚ ቢሆንም የደመቀው ቦታ ስብራት፣ ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ መሆኑን በራሱ አይለይም።

የአጥንት እፍጋት መለኪያ

ዴክሳ የሚባለው ይህ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ጉልበት ያለው ኤክስሬይ በመጠቀም በወገብና በዳሌ አጥንት ያለውን የማዕድን መጠን ይለካል። ውጤቱ ከጤናማ ወጣት አማካይ ጋር ተነጻጽሮ ቲ-ስኮር በሚባል ቁጥር ይገለጻል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለያ መሠረት ቲ-ስኮሩ −2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ወይም ኦስቲዮፖሮሲስ ይባላል። በ−1 እና በ−2.5 መካከል ያለው የእፍጋት መቀነስ ነው።

ስብራትና ውልቃት

ስብራትን ለመለየት ራጅ ሲነሣ የሁለት ሕግ የሚባል የቆየ መመሪያ አለ። የመጀመሪያው ሁለት አቅጣጫ ነው፦ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከጎን። ከፊት ሲታይ ቀጥ ያለ የሚመስል አጥንት ከጎን ሲታይ ተንሸራትቶ ሊገኝ ይችላልና። ሁለተኛው ሁለት መገጣጠሚያ ነው፤ ከስብራቱ በላይና በታች ያለው መገጣጠሚያ አብሮ መታየት አለበት። ከክንድ ሁለት አጥንቶች አንዱ ተሰብሮ ሌላው ከክርን ወይም ከእጅ አንጓ ሊወልቅ ስለሚችል ስብራቱን ብቻ ያየ ሰው ውልቃቱን ይስታል። ሦስተኛው ሁለት ጎን ሲሆን፣ በተለይ በሕፃናት ላይ ጥርጣሬ ሲኖር ጤነኛው እጅ ወይም እግር ለማነጻጸሪያ ይነሣል። አራተኛው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ያልታየ ስብራት ከቀናት በኋላ ሊታይ ይችላል።

ለአራተኛው ጥሩ ምሳሌ በእጅ አንጓ ውስጥ ያለው ስካፎይድ የተባለ ትንሽ አጥንት ነው። አንድ ሰው ሲወድቅ በእጁ ተደግፎ ከአውራ ጣቱ ሥር ሕመም ቢሰማው ራጁ ጤናማ ሊመስል ይችላል። በዚህ ጊዜ እጁ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀናት በኋላ ራጅ ይደገማል፣ ወይም ኤምአርአይ ይነሣል። ወደዚህ አጥንት የሚገባው ደም ከአንድ ጫፍ ብቻ ስለሚመጣ ሳይታወቅ የቀረ ስብራት የአጥንቱን ሌላ ክፍል ሊያሞተው ይችላል።

የልጆች አጥንት ጫፉ አጠገብ የሚያድግበት የልም አጥንት ንጣፍ አለው። በራጅ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ስለሚታይ ልምድ የሌለው ሰው ስብራት ሊለው ይችላል፤ በተቃራኒው በንጣፉ ውስጥ ያለፈ እውነተኛ ስብራትም ሊሳት ይችላል። እንዲህ ያሉ ስብራቶች በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣው የሶልተርና ሃሪስ አመዳደብ በአምስት ይከፈላሉ። ንጣፉ ከተጎዳ አጥንቱ አጥሮ ወይም ጎብጦ ሊያድግ ስለሚችል ልዩነቱ የልጁን ወደፊት አካሄድ ይወስናል።

ወለምታ ሁሉ ራጅ አያስፈልገውም። በካናዳ ኦታዋ ከተማ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የቁርጭምጭሚት መመሪያ፣ የቁርጭምጭሚቱ ሁለት ጉልህ አጥንቶች የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ሲነካ የማያም ከሆነና ተጎጂው ከአደጋው በኋላም ሆነ በምርመራ ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ከቻለ የቁርጭምጭሚት ራጅ እንደማያስፈልግ ይገልጻል።

ስብራትና ወጌሻ

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው አጥንቱ ሲሰበር ወይም ሲወልቅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ በቅርብ የሚገኝና ማኅበረሰቡ የሚያምነው ሲሆን ቀላል ውልቃትን በልምዱ ሊመልስ ይችላል። ችግሩ ስብራትን ከውልቃት፣ ከመገጣጠሚያ ውስጥ ስብራትና በዕጢ ምክንያት ከደረሰ ስብራት በእጅ ዳሰሳ ብቻ መለየት አለመቻሉ ነው። አጥብቆ የታሰረ ቃጫ ወይም ሸንበቆ፣ እብጠቱ ሲጨምር ደም እንዳይዘዋወር ያግዳል። ውጤቱ ጋንግሪን ሆኖ እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ ሊደርስ እንደሚችል በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች መዝግበዋል።

በዚህ ረገድ የራጅ ሚና ሁለት ነው። በመጀመሪያ ማሰሪያው ከመታሰሩ በፊት የጉዳቱን ዓይነት ይለያል፤ ከታሰረ በኋላ ደግሞ አጥንቱ በቦታው መሆኑን ያረጋግጣል። ይሁንና የደም ዝውውር መታገድ በራጅ አይታይም። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ማሰሪያው ወዲያውኑ መፈታትና ተጎጂው ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ራጅ ለማስነሣት መጠበቅ አያስፈልግም።

ኢንፌክሽን

የአጥንት ኢንፌክሽን ወይም ኦስቲዮማይላይቲስ በተለይ ሕፃናትን የሚያጠቃ ድንገተኛ ሕመም ነው። በራጅ ላይ የአጥንት መበላት የሚታየው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ ከ10 እስከ 14 ቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ ትኩሳት ያለውና እግሩን ማንቀሳቀስ እምቢ ያለ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን የተነሣው ራጅ ጤናማ ነው ተብሎ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም። ኤምአርአይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመቅኔውን ለውጥ ያሳያል፤ እርሱ በሌለበት ቦታ አልትራሳውንድ በአጥንቱ ሽፋን ሥር ያለ መግል ወይም በመገጣጠሚያ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሊያገኝ ይችላል። መግል የያዘ መገጣጠሚያ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ልም አጥንቱን ስለሚያበላሽ ውሳኔው ምስሉ እስኪለወጥ መጠበቅ አይችልም።

የአከርካሪ ቲቢ በዝግታ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው የፖት በሽታ ይባላል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከፍተኛ ነው ብሎ ከመዘገባቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ በሽታው በሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የደረት አከርካሪን የታችኛው ክፍልና የወገብን የላይኛው ክፍል ነው። የአከርካሪው አጥንት ከፊቱ ሲበላ ሰውየው ወደፊት ይጎብጣል፤ በራጅ ላይ ሁለት አጎራባች አጥንቶች ተደርምሰው ይታያሉ። በሌሎች ባክቴሪያዎች ከሚመጣ ኢንፌክሽን ጋር ሲነጻጸር ዲስኩ ረዘም ላለ ጊዜ ይተርፋል፣ በአከርካሪው ጎን የሚጠራቀመው መግልም ብዙ ነው። መግሉ በወገብ ጡንቻ ተከትሎ እስከ ብሽሽት ሊወርድ ይችላል። ኤምአርአይ ኅብለ ሠረሠር መጫኑን ስለሚያሳይ እግር ሽባ ከመሆኑ በፊት ሕክምና እንዲጀመር ይረዳል።

የመገጣጠሚያ ሕመሞች

የመገጣጠሚያ ሕመሞች በራጅ ላይ የየራሳቸው አሻራ አላቸው። በኦስቲዮአርትራይተስ የመገጣጠሚያው ክፍተት ብዙ ክብደት በሚሸከመው ጎን ይጠብባል፣ ከጠርዙ ላይ የአጥንት እሾህ ይበቅላል፣ ከልም አጥንቱ ሥር ያለው አጥንትም ይነጣል። ደረጃው ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኬልግሬንና ሎውረንስ መለኪያ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል። በሩማቶይድ አርትራይተስ ግን ክፍተቱ በሁሉም በኩል እኩል ይጠብባል፣ በመገጣጠሚያው አጠገብ ያለው አጥንት ይሳሳል፣ ጠርዙም የተቆረጠመ መስሎ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሁለቱም እጆች ተመሳሳይ አንጓዎች ይጠቃሉ። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ የመገጣጠሚያው ሽፋን መቆጣትን አጥንቱ ከመበላቱ በፊት ያሳያሉ።

በሪህ ሕመም የዩሪክ አሲድ ክምችት ከመገጣጠሚያው ጠርዝ ትንሽ ራቅ ብሎ አጥንቱን ይቦረቡራል፤ የጉድጓዱ ከንፈር ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። ለውጡ የሚታየው ግን ከብዙ ዓመት ሕመም በኋላ ነው። ሁለት ዓይነት ጉልበት ያለው አዲሱ የሲቲ ስካን ዓይነት የዩሪክ አሲድን ክምችት ከካልሲየም ለይቶ በቀለም ማሳየት ይችላል።

የጭን አጥንት ራስ የደም አቅርቦት ሲቋረጥ አጥንቱ ይሞታል። ስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰዱ፣ አልኮል አብዝተው የሚጠጡና ሲክል ሴል የተባለ የደም ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለዚህ ይጋለጣሉ። ኤምአርአይ ችግሩን የሚያሳየው አጥንቱ ከመደርመሱ በፊት ሲሆን ራጅ በአብዛኛው የሚያሳየው ዘግይቶ ነው።

ከምግብና ከውሃ ጋር የተያያዙ ሕመሞች

ሪኬትስ በቪታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት ምክንያት በማደግ ላይ ያለ አጥንት ማዕድን ሲያጣ የሚመጣ ሕመም ነው። በእጅ አንጓና በጉልበት ራጅ ላይ የአጥንቱ ጫፍ ሰፍቶ፣ እንደ ስኒ ጎድጉዶና ጠርዙ ተቦጫጭቆ ይታያል። ኢትዮጵያ ፀሐይ የማይጠፋባት አገር ብትሆንም ሕፃናትን ሸፋፍኖ ከቤት ማቆየት ለሕመሙ ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ በአዲስ አበባ የተሠራ ጥናት፣ ሪኬትስ የሳንባ ምች ባለባቸው ሕፃናት ላይ ከሌሎቹ ይልቅ በብዙ እጥፍ እንደሚገኝ አሳይቷል። ስለዚህ ለሳንባ ምች በተነሣ የደረት ራጅ ላይ የጎን አጥንቶችን ጫፍ ማየትም ይጠቅማል።

የአጥንት ፍሎሮሲስ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ ለብዙ ዓመታት ሲበዛ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ከዚህ ይበልጣል። በወንጂ ሸዋ ስኳር ፋብሪካ ለረጅም ጊዜ በሠሩ ሰዎች ላይ ሕመሙ ተመዝግቧል። በራጅ ላይ አከርካሪና ዳሌ ከመጠን በላይ ይነጣሉ፣ ጅማቶች ወደ አጥንት ይለወጣሉ፣ በክንድ ሁለት አጥንቶች መካከል ያለው ስስ ሽፋንም እሾህ ያወጣል። አጥንቱ ሲታይ የጠነከረ ቢመስልም ሰውየው ወገቡ ደርቆ መጎንበስ ያቅተዋል።

ዕጢ

የአጥንት ዕጢ ምርመራ የሚጀመረው በራጅ ነው። ጠርዙ ጥርት ያለና በነጭ መስመር የታጠረ ዕጢ ብዙውን ጊዜ በዝግታ የሚያድግ ሲሆን ወሰኑ የማይለይና የአጥንቱን ውጫዊ ሽፋን የሰበረ ግን አስጊ ነው። ኦስቲዮሳርኮማ የተባለው ካንሰር በብዛት የሚወጣው በወጣቶች ጉልበት አካባቢ ነው፤ እንደ ፀሐይ ጨረር የተበተነ አዲስ አጥንት ሊያሳይ ይችላል። ሌሊት የሚያስነሣና በእረፍት የማይሻል የጉልበት ሕመም ያለበትን ወጣት በወለምታ እያሳበቡ ከማሸት በፊት ራጅ ማንሣት የሚመከረው ለዚህ ነው። ኤምአርአይ ዕጢው የተሠራጨበትን ወሰን ይለካል። የዕጢውን ምንነት በመጨረሻ የሚያረጋግጠው ግን የተወሰደው ናሙና ነው።

ምስልና ሕመም ሲለያዩ

የወገብ ሕመም በምስልና በሕመም መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ፣ ምንም የወገብ ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች መካከል 37 በመቶ፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን መካከል ደግሞ 96 በመቶ የዲስክ መጎዳት በምስል እንደታየባቸው ዘግቧል። ስለዚህ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የካንሰር ታሪክ፣ ከባድ አደጋ፣ የእግር መዛል ወይም ሽንትና ሰገራ የመቆጣጠር ችግር ከሌለ፣ ለአዲስ የወገብ ሕመም ወዲያው ምስል ማንሣት አይመከርም። ያለምክንያት የተነሣ ምስል ገንዘብ ከማስወጣቱም በላይ ከዕድሜ ጋር የመጣን ለውጥ በሽታ ሊያስመስልና ወደማያስፈልግ ቀዶ ጥገና ሊመራ ይችላል።

ዕድሜን በአጥንት ማወቅ

የግራ እጅና አንጓ ራጅ የልጅን የአጥንት ዕድሜ ለመገመት ያገለግላል። ግሮይሊክና ፓይል በ1950 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት የምስል መጽሐፍ እስካሁን ማነጻጸሪያ ነው። ምርመራው በዋናነት የእድገትና የሆርሞን ችግርን ለመለየት የሚውል ነው። በስፖርት በኩል ፊፋ በ2009 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ባስተናገደችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ መጠቀም ጀምሯል። በራጅ ፈንታ ኤምአርአይ የተመረጠው ጤነኛ ወጣቶችን ያለሕክምና ምክንያት ለጨረር ላለማጋለጥ ነው። የአጥንት ዕድሜ ግምት እንጂ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ በአመጋገብና በዘር ምክንያት እኩያሞች መካከል የአንድና የሁለት ዓመት ልዩነት የተለመደ ነው።

የድንቅነሽ አጥንቶች

ይኸው ቴክኖሎጂ በቅሪተ አካል ላይም ውሏል። በ1974 እ.ኤ.አ. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ በአሜሪካ ለእይታ በቀረበችበት ጊዜ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ጥራት ሲቲ ስካን ተመርምራ ከ35,000 በላይ የቁራጭ ምስሎች ተነሥተዋል። ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት፣ በትከሻዋ የታየው ስብራት ከከፍታ ወድቆ በእጁ ሊደገፍ የሞከረ ሰው ከሚደርስበት ጋር እንደሚመሳሰል ገልጸው ከዛፍ ወድቃ ሳትሞት አልቀረችም አሉ። ድንቅነሽን ያገኘው ዶናልድ ጆሃንሰንና ሌሎች ተመራማሪዎች ግን እንዲህ ያለው ስንጥቅ ከተቀበረ በኋላ በአፈር ክብደት በብዙ ቅሪተ አካላት ላይ የሚደርስ ነው በማለት አልተቀበሉትም። ክርክሩ በሐኪም ቤትም ያለ ነው፤ ምስሉ ስብራት መኖሩን ያሳያል፣ መቼና እንዴት እንደደረሰ የሚታወቀው ግን ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲገናኝ ነው።

የጨረር ደኅንነት

ሰው ከተፈጥሮ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ጨረር ይቀበላል። የእጅ ወይም የእግር ራጅ ከ0.01 ሚሊሲቨርት በታች ሲሆን የወገብ ራጅ ወደ 1.5 ይደርሳል። የአከርካሪ ሲቲ ስካን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መመሪያው ምርመራው አስፈላጊ ከሆነ መጠኑ ለጥያቄው መልስ በሚበቃው ያህል እንዲያንስ ማድረግ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት አስቀድማ ለባለሙያው መናገር አለባት። ኤምአርአይ ጨረር ባይኖረውም ማግኔቱ ሁልጊዜ ስለሚሠራ ልብ ምት አስተካካይ መሣሪያ፣ በሰውነት ውስጥ የተተከለ ብረት ወይም የቀረ የጥይት ፍንጣሪ ያለበት ሰው ከመግባቱ በፊት ማሳወቅ ይኖርበታል።

ዲጂታል ምስልና ኮምፒውተር

ዛሬ አብዛኛው ምስል በፊልም ፈንታ በኮምፒውተር ይቀመጣል። ዳይኮም የተባለው ዓለም አቀፍ የፋይል ስምምነት ከተለያዩ አምራቾች የተገዙ መሣሪያዎች ምስልና የታካሚ መረጃ እንዲለዋወጡ ያስችላል። በዚህ ምክንያት በክልል ከተማ የተነሣ ምስል ሌላ ቦታ ባለ የራዲዮሎጂ ሐኪም ሊነበብ ይችላል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2018 እ.ኤ.አ. ለምርምር ክፍት ያደረገው ሙራ የተባለ ስብስብ 40,561 የእጅና የትከሻ ራጆችን የያዘ ሲሆን ጤናማ ያልሆነን ምስል የሚለዩ ፕሮግራሞችን ለማሠልጠን ያገለግላል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሚያውቁት የተማሩበትን ዓይነት ምስል ብቻ ነው። የአከርካሪ ቲቢን ወይም ፍሎሮሲስን ባልያዘ ስብስብ የሠለጠነ ፕሮግራም እነዚህ ሕመሞች በሚበዙበት አገር ሊሳሳት ይችላል።

ለምርመራው ጥራት ታካሚውም ድርሻ አለው። የቀድሞ ራጆችን ይዞ መምጣት፣ ሕመሙ የሚሰማበትን ቦታ በጣት ማሳየትና መቼ እንደጀመረ መናገር ምስሉን ለሚያነበው ሐኪም ይጠቅማል። አዲስ የሚመስል ለውጥ ከዓመታት በፊት በተነሣ ራጅ ላይም ካለ ትርጉሙ ፈጽሞ ሊለወጥ ይችላል።